ኢንስፔክተር ኮርብሪጅ አይቸኩልም

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ፣ ባለቤቴ ሶፎንያስም የልጅ ልጅዎ ሮሐም፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። እዚህ ላስ ቬጋስ ገና እየነጋ ነው። ተራራው ጫፍ ላይ ትንሽ ብርሃን አለ፤ ጎልፍ ሜዳው ላይ ውሃ መርጫዎቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ። ሕልም ይሁን እውን ባልለየሁበት በዚህ ሰዓት የምጽፍልዎ፣ በስልክ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው።

አርትስ ዲስትሪክት ከሚባለው ሰፈር የመጻሕፍት ሱቅ ሁለት ቅጂ ገዝቼ አንዱን የላክሁልዎትን አዲሱን የኢንስፔክተር ኮርብሪጅ መጽሐፍ እንደ ልማዳችን ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት አቁሜዋለሁ። እሑድ ተደዋውለን ሁለታችንም ገዳዩን ሳንገምት ያ ገጽ አይገለጥም፤ ሕጉ የእርስዎ ነው። እኔ አትክልተኛውን ጠርጥሬያለሁ። እርስዎ መቼም ሐኪሙን ነው የሚሉት፤ ሐኪም አይወዱም።

እሑድ ግን አልደወሉም። ስደውል ስልክዎን እህቴ ስጦታ አነሳችው። አባባ ጠበል ሄደዋል፣ ስልክ አይፈቀድም አለችኝ። መነጽራቸውንስ ይዘዋል አልኳት። ጠረጴዛው ላይ ነው፣ መጽሐፋቸው ላይ አለችኝ። እርስዎ ያለ መነጽር እንኳን ጠበል ጓሮም አይወጡም።

ከዚያ ወዲህ ዙሪያዬን እንደ ኮርብሪጅ አያለሁ። እሱ ሰው አያፋጥጥም፤ ሻዩን እያማሰለ ሰዎቹ ራሳቸው እስኪናገሩ ይጠብቃል። አብራኝ ካዚኖ የምትሠራው ጽጌወይን፣ ሳልጠይቃት፣ ቅዳሜን ኦፍ አስደርጌልሻለሁ፣ ደክሞሻል አለችኝ። ቅዳሜ ቲፕ የሚዘንብበት ቀን ነው፤ በደህና ጊዜ ቢሆን እንጣላ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ የእድራችን ታጣፊ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሶፎንያስን ምንድን ናቸው ብዬ ስጠይቀው፣ የለማ ልጅ ክርስትና አለ አለኝ። ጓደኛው ለማ ሚስት እንኳ የለውም። ባሌ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ አሳዘነኝ። ይህም አልበቃ ብሎ ትናንት ከሥራ ስመለስ የግቢያችን የሮድስ ራንች የበር ጠባቂ፣ ነገ ፓርቲ አላችሁ እንዴ፣ ባልሽ ብዙ መኪና አስመዝግቧል አለኝ። አገር ቤት ቢሆን ሰው በጨለማ በእግሩ ተሰብስቦ ይመጣ ነበር። እዚህ እንዲህ ያለውም ጉዳይ በጥበቃ ፈቃድ ነው የሚገባው።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። እንደ ሕፃን ለምን ይደብቁኛል አልኩ። ኋላ ሳስበው እነሱም ሁላችንም ሥራ የማንገባበትን ቀን ሲጠብቁ እንባቸውን ውጠው ነው የከረሙት። ሶፎንያስ ማታ ማታ ሻወር ውስጥ ውሃውን ከፍቶ ያለቅሳል።

ብጠይቀው ይነግረኛል። ግን አባባ፣ ልቤ አልጠና አለኝ። እስካልነገሩኝ ድረስ እርስዎ ጠበል ነዎት። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ ኖርኩ። የቁማር ጠረጴዛዬ ላይ የሩሌቱ ኳስ ሲሽከረከር፣ ደንበኞች ሲጯጯሁ፣ እኔ እርስዎን ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ውሃው ሲወርድ ሲሰሙ አይዎታለሁ። ጉልበትዎ አያምዎትም። ቀና ብለው ሲያዩኝ ፈገግ ይላሉ፤ እኔም ኳሱን እንደገና አዞራለሁ። እንዲህ ያለ ደስታና እንዲህ ያለ ኀዘን አንድ ላይ ይዞኝ አያውቅም።

አሁን ውጭ መኪኖች ፓርክ እያደረጉ ነው። በሮቹን ድምፅ እንዳይሰማ ቀስ አድርገው ይዘጋሉ። በመስኮት ሳይ ጽጌወይን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ሶፎንያስ ደወል ሳይደወል ሊከፍትላቸው በባዶ እግሩ ወርዷል፤ እኔ የተኛሁ መስሎታል።

በመጽሐፎቻችን መጨረሻ ሰው ሁሉ ሳሎን ይሰበሰብና የሚያውቀው ሰው ተነሥቶ ይናገራል። ዛሬ የሚያውቀው ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማል። ደክመውበታልና አላቋርጣቸውም።

ደረጃውን መውጣት ጀምረዋል፤ በሬን እስኪከፍቱ ድረስ አባት አለኝ። እግርዎን ስሜ፣ ምርቃትዎ ከእኔና ከሮሐ እንዳይለይ እለምናለሁ።

ልጅዎ