ቀንድ አውጣዎቹ ያለቁበት ታኅሣሥ፦ የአቶ ዱባለ ብዙነህ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዱባለ ብዙነህ ከአባታቸው ከአቶ ብዙነህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰጋሽ በ1953 ዓ.ም. ጫሞ ሐይቅ ዳር ተወለዱ። በዚያ ዕለት አባታቸው፣ ባለቤታቸው አኩርፈው የሄዱ መስሏቸው ሽማግሌ ይዘው አማቶቻቸው ደጅ ቆመው ነበር፤ ወይዘሮ አሰጋሽን ግን ውሃ ሊቀዱ በወረዱበት ምጥ ይዟቸዋል። አቶ ዱባለ «አባቴ ላላጠፋው ጥፋት ይቅርታ ሲለምን ተወለድኩ፤ እኔ አልደግመውም» ይሉ ነበር።

በሐዋሳ የዓሣ እርባታ ተምረው በ1979 ዓ.ም. ሰበታ ገቡ። በ1984 ዓ.ም. ወይዘሮ ተስፋነሽን አግብተው ሲላስንና ኤዶምን ወለዱ፤ ኋላም ወንዙ ዳር የራሳቸውን የዓሣ ኩሬ ቆፈሩ።

በ2006 ዓ.ም. የሞቃት አገር ቀንድ አውጣ ወንዙን ወርሮ የአትክልተኞችን ቱቦ ደፈነ። ከኩሬው በላይ ያለው ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ አቶ ካሳሁን በቀበሌ ስብሰባ አቶ ዱባለን እየጠቆሙ «የአገሩን ቀንድ አውጣ በጆንያ ይዞ መጣብን» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ኩሬውም ታሸገ። አቶ ዱባለ «ማንም ያምጣው፣ የሰበታ ብርድ ይጨርሰው ነበር። በሕይወት የሚያቆየው ፋብሪካው የሚለቀው ሙቅ ውሃ ነው» ቢሉም የሰማቸው አልነበረም።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገድ ተዘግቶ ነዳጅ ሲቀር ፋብሪካው ቆመ፤ ወንዙም ቀዘቀዘ። አቶ ዱባለ በየማለዳው ቴርሞሜትር ይዘው ይወርዱ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ቀንድ አውጣዎቹ ከጥቂቶች በቀር አለቁ። አቶ ዱባለም ባዶ ዛጎላቸውን በጆንያ ለቀሙ።

በ2009 ዓ.ም. መግቢያ ወጣቶች ፋብሪካውን ሊያቃጥሉ ሲመጡ አቶ ዱባለን በሩ ላይ ቆመው አገኟቸው።

«ኦቦ ዱባለ፣ ያንን ሰውዬ እርስዎ ያድኑታል?»

«ማን አዳነው? ካቃጠላችሁት ማንን ልከስ ነው?»

ወጣቶቹ ስቀው ተመለሱ። ይህን ደግነት የሚሉት አሉ፤ ቤተሰቡ ግን እንዳልነበረ ያውቃል። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ፋብሪካው እየሠራ ወንዙ ሞቆ ከረመ፤ የተረፉት ቀንድ አውጣዎችም እንደገና ተባዙ። የሁለቱ ዓመታት ልዩነት ለፍርድ ቤት ቀርቦ በ2010 ዓ.ም. ኩሬው ተመለሰላቸው፤ ፋብሪካውም ውሃውን አቀዝቅዞ እንዲለቅ ተወሰነበት። አቶ ካሳሁን ሽማግሌ ላኩ። አቶ ዱባለ «በስብሰባ የተናገረውን በስብሰባ ይመልስ» ብለው አሰናበቷቸው። ስብሰባ የጠራ የለም።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 20 ቀን 2011 ዓ.ም. በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ጌታ የደከመች ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ።

ትናንት አቶ ካሳሁን የአበባ ጉንጉን ልከው ነበር። ሲላስና ኤዶም፣ አባታቸው «አበባ ቢልክ» ብለው አስቀድመው እንዳዘዙት፣ ጉንጉኑን የዛጎሉ ጆንያ ላይ አስረው ፋብሪካው በር ላይ አስቀምጠውት ተመለሱ።