ዘጠኝ ደቂቃ በሚካኤል ዳገት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ቀን 7፡00

ከልምምድ መልስ። የብስክሌት ካቴና ጠረግሁ፣ ጎማ ነፋሁ፣ የአምስቱን ልጆች ኮዳ አጠብሁ። በስፖርት ሳይንስ የተመረቀ ሰው ሥራ ይኸው ነው ደብተሬ። ኮዳ ማጠብ።

ዛሬም ሜዳ ለሜዳ። ከከተማ እስከ ኬላው፣ ከኬላው ወደ ከተማ። ከዚያ ወዲያ ማለፍ አልተፈቀደልንም። ባሕር ዳር ደግሞ እንደ ገበታ ዝርግ ናት። ልጆቹ ሜዳ ላይ ንፋስ ናቸው፤ መንገዱ ትንሽ ቀና ሲል ግን እንደ ታመመ በሬ ያቃስታሉ። ውድድሩ የኅዳር መጨረሻ ነው፤ ያውም ተራራ አገር።

ይህንኑ ለአሠልጣኙ ነገርሁት። (ስሙን አልጽፍም፣ «አሠ.» ይበቃዋል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን «እሱ» ነው። የገዛ ደብተሬ ላይ አላጎነብስም።) ከተማው ዳር አጭር ዳገት ፈልገን አሥር ጊዜ ብንመላለስበት ከሩቅ ተራራ አያንስም አልሁት። ልጆቹ ፊት ሳቀብኝ። «ወይዘሪት ዲግሪ! እኔ ሃያ ዓመት ፔዳል ስረግጥ ያላየሁትን ዳገት አንቺ በወረቀትሽ ልታበቅይው ነው?» ሁሉም ሳቁ። ዳኜ ሳይቀር! በመስከረም የገባው፣ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርሰው ዳኜ።

እስከ ቅዳሜ አምጪና እናያለን አለ። የሙከራ ጊዜዬ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ረዳት አሠልጣኝ ሆኜ መቅረቴም ሆነ መባረሬ በእሱ ብዕር ነው።

አመጣለታለሁ። አንጀቱ እርር እስኪል።

ማክሰኞ፣ 5። ከቀኑ 11፡30

በአዴት መንገድ። ባዶ። ዳገት አለ ያሉኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም በእግራቸው የሚሄዱ። ሸክም ላለው እግረኛ ሁሉም ዳገት ነው፣ ይህን ማሰብ ነበረብኝ። አንዱ የጭነት መኪና ቦይ ውስጥ ሊከተኝ ነበር። ክላክስ እንኳ አላደረገም። ሁለት ውሻ ተከተለኝ። ንፋሱ ስሄድም ፊት ለፊት፣ ስመለስም ፊት ለፊት። እንዴት ነው እንዲህ የሚሆነው?

እማዬ ከፋብሪካ ገብታ የተላጠ ጉልበቴን አየችው። አራት ዓመት የተማርሽው ዳገት ለመፈለግ ነው ወይ አለችኝ። ራሴን ስጠይቅ የዋልሁት እሱን ነው።

ረቡዕ፣ 6። ቀን 8፡00

አገኘሁ! አገኘሁ አገኘሁ አገኘሁ።

አባይ ድልድይን ተሻግሮ፣ የሐሙሲትን መንገድ ትንሽ ይዞ፣ ኬላው ሳይደርስ ወደ ቀኝ። ወደ ድንጋይ ማውጫው የተሠራ አዲስ አስፋልት። መኪና የለም ማለት ይቻላል። የጎማው ሽቦ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ፣ እየገፋሁ ዙሩን ቆጠርሁ፤ 667 ዙር። 1.4 ኪ.ሜ.። አጭር፣ ሽቅብ የቆመ፣ ክፉ።

ሦስት ጊዜ ወጣሁት። መካከል ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ትንሽ ሚካኤል አለ፤ ተሳልሜ ቀጠልሁ። ከደጁ በላይ ያለው ሲኦል ነው። በስልኬ ሰዓት ያዝሁ። 9 ደ. ከ05፣ 8 ደ. ከ50፣ 9 ደ. ከ10። ከፍታውን ስልኬ አያውቀውም፤ ሐይቁ መካከል ነሽ ይለኛል። ሰዓቱ ግን ሰዓት ነው። 1.4 ኪ.ሜ. በዘጠኝ ደ.፣ ያውም ዩኒቨርሲቲውን ወክላ የተወዳደረች ልጅ!

ከላይ ጣና እስከ ዳር ድረስ ይታያል። ለማየት ጊዜ የለኝም።

ሐሙስ፣ 7

ለአሠ. ነገርሁት። ዘጠኝ ደ. ስለው ድልድዩን ጠየቀኝ፣ መታጠፊያውን ጠየቀኝ። አያውቀውም! ሃያ ዓመት! ቅዳሜ ጠዋት እንሞክረዋለን አለ። ዛሬ ኮዳ ሳጥብ እንኳ ዘፈንሁ።

ቅዳሜ፣ 9። ቀን 6፡00

ብስክሌቴን በር ላይ ጥዬ ነው የምጽፈው።

እኔ ከታች እለቃለሁ፣ እሱ ከላይ ሰዓት ይይዛል። በስልክ እየተነጋገርን፣ አንድ በአንድ። እግሩን መሬት ያስነካ ከታች እንደገና ይጀምራል ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። ከታች ሆኜ አያቸዋለሁ፤ ደጁን ሲያልፉ በአንድ እጃቸው አማትበው ይጠፋሉ። ደህና እየወጡ መሰለኝ። ግን ከታች ምን ይታያል።

መጨረሻ ላይ ወጣሁ። ሰዓቱን አነበበልን። የመጀመሪያው 4 ደ. ከ20። ዳኜ 5 ደ. ከ10። ዳኜ!! ልየው ብዬ እጄን ስዘረጋ ኪሱ ከተተው። «ይሄ ዳገት ነው? ጉብታ ነው እንጂ! ዘጠኝ ደቂቃ የፈጀው መንገዱ ሳይሆን ወገብሽ ነው። ወንዛዬ ፍል ውሃ ውረጅና ሳምንት ተዘፍዘፊ፣ ጉልበትሽ ይፈታታል።» ልጆቹ አስፋልቱ ላይ ተንከባለሉ። ዳገቱን ሰረዘው። ሰኞ ወደ ሜዳችን።

ዋሽቷል። ዳኜን ሜዳ ላይ ጥዬው ነው የምሄደው። እንዴት አድርጎ በአራት ደቂቃ ይበልጠኛል? አንድ ደቂቃ ቢሆን እሺ። አራት? ሰዓቱን ዘግይቶ አስነሥቷል፣ ወይም የፈለገውን ቁጥር ከአፉ አውጥቷል። በእሱ እጅ ብቻ ነበር። ማንም አላየም።

እጠላዋለሁ። አረማመዱን እጠላዋለሁ። ፊሽካውን እጠላዋለሁ።

እሑድ፣ 10

ቅዳሴ ሄድሁ፣ ቅዳሴው አልገባኝም። ቁጥር ሳሰላ ቆየሁ። ከሰዓት ለክለቡ ጽ/ቤት ደብዳቤ ጻፍሁ። «አሠልጣኙ እኔን ከሥራ ለማስወጣት ሲሉ ሆን ብለው ሰዓት አዛብተዋል።» ሦስቴ ገለበጥሁት። «ሆን ብለው» የሚለውን ላጠፋው ነበር። ተውሁት።

ሰኞ፣ 11

ደብዳቤው ገባ። ማኅተም መቱበት። ልምምድ ላይ አንድም ቃል አልተነፈስሁም። ኮዳ አጠብሁ።

ማክሰኞ፣ 12። ከቀኑ 10፡00

ነገሩ ፈጠነ። የጽ/ቤቱ ኃላፊ ጠሩኝ። ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። በአሠ. ላይ ሌላም ቅሬታ ይሰማ ነበር አሉ። ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ሁለታችንም ኮሚቴው ፊት እንቀርባለን። እሱ ከታገደ ልጆቹ ያለ አሠልጣኝ አይቀሩም፣ ምሩቅ አለችን አይደል ወይ ብለው ፈገግ አሉ። እኔ! ከደረጃው ስወርድ እግሬ መሬት አልነካም። በኅዳር ልጆቹን ይዤ የምሄደው እኔ ልሆን ነው።

በር ላይ ዳኜ። ፊቱን አጥቁሯል። «እህት ዓለም፣ የሰው እንጀራ ነው የነካሽው፤ ታውቂዋለሽ አይደል?» አለኝ። ያን ቀን ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ነበር፣ አምስት ደቂቃዬን ማንም አይወስድብኝም አለ። አምስት ደቂቃህ የአሠ. ስጦታ ነው አልሁት። ምራቁን ተፍቶ ሄደ።

አሠ.ም አለፈ። አልቆመም። ሰዓቴን ለምርመራ ወሰዱት፣ ደስ አለሽ? አለ። አዎ። ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ፣ 13። ቀን 9፡00

ዓርብ ባዶ እጄን አልቀርብም ብዬ ተነሣሁ። ጎረቤታችን ግንበኛ ናቸው፣ ውሃ ልካቸውን ተዋስሁ። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ላይ አስሬ አስፋልቱ ላይ አስተኛዋለሁ፤ አረፋው መሐል እስኪገባ የታችኛውን ጫፍ አነሣለሁ፤ ክፍተቱን በብረት ሜትር እለካለሁ። አሥራ አንድ ሴንቲ ከሆነ ዳገቱ አሥራ አንድ ከመቶ ነው። ማንም ሊከራከረው አይችልም።

ከታች እስከ ደጁ 4፣ 5፣ 6። ከደጁ በላይ 9፣ 11፣ 11፣ 12፣ 11። ደብተሬ፣ ጉብታ አይደለም! ተንበርክኬ ብቻዬን ሳቅሁ።

የሚካኤል ደጅ ጠባቂ አባ መዝገቡ ዱላቸውን ተደግፈው ያዩኛል። ዛሬ ደግሞ በጉልበትሽ ነው የምትወጪው አሉኝ። አንተዋወቅም፣ እሳቸው ግን ያውቁኛል። ባለፈው ረቡዕ ሦስት ጊዜ አይተውኛል። አመሰገኑኝ! የዛሬ ልጅ ሁሉ ብስክሌቱ ላይ እንደተቀመጠ ያልፋል አሉ፤ የቅዳሜዎቹ ለሚካኤል አንድ እጅ ነው የሰጡት፣ ሌላው እጅ ከብስክሌቱ አልተላቀቀም። «አንቺ ግን ልጄ፣ ወርደሽ፣ ሰግደሽ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግመሽ፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ጨምረሽ፣ ሳታማትቢ ፈቀቅ አላልሽም። ሦስቱንም ጊዜ። ሰው እንዲህ ነው እንጂ!»

ውሃ ልኩ ከእጄ ወደቀ።

ወርጃለሁ። በእርግጥ ወርጃለሁ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ ማለፍ በእኛ ቤት ነውር ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እወርዳለሁ፤ መውረዴን እንደ መተንፈስ ነው የማላስበው። ስልኬ ግን ኪሴ ውስጥ ሲቆጥር ነበር።

አባን ተሰናብቼ ወደ ታች ወረድሁ። ደጁ ጋ ከብስክሌቱ ሳልወርድ ወጣሁት (ይቅር ይበለኝ)። 6 ደ. ከ25። ከዚያ ደጁ ቆሜ ሁለቱን ጸሎት ደገምሁ፣ ሰገድሁ፤ ያንንም በሰዓት ለካሁት (እሱንም ይቅር ይበለኝ)። 2 ደ. ከ30። ደምረው፤ 8 ደ. ከ55።

ዳኜ በአንድ ደቂቃ ከሩብ ይበልጠኛል። ልጁ በርትቷል። ያ ብቻ ነው። ሰዓቱ ትክክል ነበር።

ሐሙስ፣ 14። ጠዋት 12፡40

የሚያውቀው ማን ነው? እኔና አባ መዝገቡ። አባ ደግሞ ብስክሌትና ሰዓት ምን አገናኛቸው። የአሠ. ሰዓት ቁጥሩን ካላስቀመጠ ነገ የእሱ ቃል በእኔ ቃል ላይ ነው። ኃላፊው ደግሞ የማንን ቃል መስማት እንደሚፈልጉ ፊታቸው ላይ ተጽፎ አይቻለሁ። ዝም ብል ይበቃል። መዋሸት እንኳ አይጠበቅብኝም።

እሱ እኔ ላይ ያልሠራው የለም። ሦስት ወር ሙሉ አሸማቆኛል። መከሰስ የሚገባው ለዚያ ነው። ላልሠራው አይደለም። ጭንቅላቴን የሚበላኝ ይህ ነው፤ በሚገባው ብከሰው ኖሮ እንቅልፌን እተኛ ነበር።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡00

ልምምድ ላይ ልነግረው ሄድሁ። ፊሽካ ብቻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሰዓቱን ይይዝበት የነበረ ባዶ ግራ መዳፉን እያየ ቆሟል። አፌን ከመክፈቴ፣ ወይዘሪት ዲግሪ፣ ኮዳዎቹ አልጸዱም አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። ዳኜ አልሳቀም።

ልነግረው የመጣሁትን ዋጥሁት። እውነቱን ብናገርም ለእሱ ብዬ አይሆንም። ለእሱማ አንድ ጣቴን አላነሣም።

ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡00

እማዬ ለነገ ቀሚሴን ተኩሳልኛለች። ልትሾሚ ነው ወይ ትለኛለች።

ወስኛለሁ። ነገ 2 ሰዓት ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ። «ሆን ብለው» ያልሁት ሐሰት ነው እላለሁ። በገዛ አፌ፣ እሱ ተቀምጦ እየሰማ። ለምን ዘጠኝ ደቂቃ እንደፈጀብኝም እናገራለሁ፤ ይሳቁ። ይቅርታ የምጠይቀው ስለ ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ስለ ሌላው ምንም አልጠይቅም። ከዚያ ያባርረኛል። ያባርረኝ።

ግን ከክፍሉ ሳልወጣ የለካሁትን ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣለሁ። ከደጁ በላይ ያለው አሥራ አንድ ከመቶ ነው። ልጆቹ በኅዳር የሚያስፈልጋቸው እሱ ነው፤ ከደጁ በላይ ጀምረው ቢወጡት ደግሞ የሚወርድም የማይወርድም የለም። እኔ ኖርሁም አልኖርሁም ያንን ዳገት ይውጡት። አቤቱታዬን እተዋለሁ። ዳገቱን ግን አልተውም።