ያሸሁት እግር

ልጄ ወንጌላዊት፣ ጌታ ከምትማሪበት ከሶፊያ ብርድ ይጋርድሽ። እኛ አለን። ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ እሑድ እሑድ በየቤታችን እንጸልያለን።

አባትሽ ከቱላ ገበያ እያነከሰ መጣ። ወለምታ መስሎኝ ያበጠውን እግሩን ሦስት ቀን በቅቤ አሸሁት።

«እጅሽ እሳት ሆነብኝ» ሲለኝ፣ «ስንቱን ሳሽ አንተ ብቻ ታለቅሳለህ» ብዬ ቀለድሁበት።

ለካ ሳያስተውለው እሾህ ወግቶት መግል ይዞ ኖሯል። ሐኪም ቤት ስንደርስ እግሩ ተመርዞ ስለነበር ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሐኪሙ «የሚያተኩስ እብጠት አይታሽም» አለኝ።

አባትሽ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ወለም ያላቸው ዛሬም ለመታሸት ይመጣሉ፤ እሱ በክራንች ወጥቶ «ግቡ» ይላቸዋል፣ እኔ ግን ማሸት ፈርቼ ጓዳ እገባለሁ።

የሚታሸውን ከማይታሸው ለይተሽ ጻፊልኝ። ነገ ሐኪም ስትሆኚ ጌታ እጅሽን እንደ እጄ ከመሳሳት ይጠብቀው።

እናትሽ ደስታነሽ