ሪባን ስለሚጠብቀው መሣሪያና መሣሪያውን ስለሚጠብቀው ዓይኔ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ ደኅና ነው? እኔ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ያለሁት፣ የነርሶችዎን ጋውን የማሳጥረው ልብስ ሰፊ ነኝ። ግላኮማ ከያዘኝ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ጠብታው የዓይኔን ግፊት ማውረድ አቅቶታል። ግፊቱን የሚቀንስ የሌዘር መሣሪያ ማስመጣትዎን፣ ሐኪሟም ሥልጠናዋን ጨርሳ መመለሷን ስሰማ መርቄዎታለሁ። የቀረው ምረቃው ብቻ ነው ስለተባልሁ፣ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. የክብር እንግዳው ሪባን የሚቆርጡበትን ቀን አራት ጊዜ ቀይረዋል። እኔ አንድ ቀጠሮ ባሳልፍ ካርዴ ወደ መዝገብ ቤት ይመለሳል። የእርሳቸው ካርድ የት እንደሚቀመጥ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

፪. መሣሪያው እስኪመረቅ አቧራ እንዳይነካው አስበው ልብስ ያሰፉለት እኔ ዘንድ ነው። ስለ አደራው አመሰግናለሁ። ገብቼ ቁመቱን፣ ወርዱን፣ በሽተኛ አገጩን የሚያስደግፍበትን ሳይቀር ለካሁ። ሐኪሟ እዚያው ነበረች፤ ሥራው ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም አለችኝ፤ ነገር ግን ካልተመረቀ እንዳትነካው ታዝዛለች። መድኃኒቴን አልብሼ፣ የልብሱን ቁልፎች ቆልፌ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

፫. “በትዕግሥት ይጠብቁ” የሚለውን ሰሌዳ ኮሪደሩ ላይ በጎን በኩል ማሰቀልዎ ድንቅ ነው። እኛ የግላኮማ በሽተኞች አስቀድመን የምናጣው የጎኑን እይታ ስለሆነ፣ ያገኘሁት በግንባሬ ነው።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ይህ በሽታም አያምም። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ ሌዘሩ የቀረውን ብርሃን ያቆያል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ባለፈው ሳምንት ሻይ ይዛልኝ አጠገቤ የቆመችውን ባለቤቴን ሳላያት በክርኔ ገፍቼ እጇን አቃጠልኋት። እርሷ ሳቀች። እኔ ግን ፈራሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሣ አስቀድሜ የማየው የእርሷን ፊት ነው፣ ዳር ዳሩ ጠፍቶብኝ እንደሆነ ለማወቅ።

የክብር እንግዳውን ጤና፣ የእርስዎንም ወንበር ዕድሜ እየተመኘሁ፣
የመሣሪያዎ ልብስ ሰፊና ተራ ጠባቂ በሽተኛዎ

ማስታወሻ፦ ያዘዙኝን ቀይ ሪባን ጠርዙን ቀምቅሜ ልኬልዎታለሁ። እንግዳው ካልተመቻቸው ዕድሜ ልኬን ስቆርጥ የኖርሁ ሰው ደጅዎ ላይ አለሁ፤ መቀሱም የራሴ ነው። ብቻ ሪባኑ የቱ ጋ እንደሆነ ሰው እጄን ይዞ የሚያስዳስሰኝ ቀን ሳይመጣ ይጥሩኝ።