የእማዬ ፍም

ሀና ማርያም፣ የካቲት 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድም ዓለሜ ወጋየሁ፣ የህንድ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር፣ እመብርሃን ትመስገን፣ ደህና ነን።

በየሳምንቱ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ፤ የመጣው ያንተ ደብዳቤ ብቻ ነው። ስለምታጠናው የሂንዱዎች ጥንታዊ መዝሙር የጻፍከውን ለእማዬ ሳነብላት አማተበች። «ልጄን እሳት አስመለኩት!» ብላ ጮኸች። በመዝሙሩ እሳት የተባለው በሰው ልብ የሚነድ ተስፋ ነው፣ ሰው ወደማይደርስበትም የሚላክ መልእክተኛ ነው ስላት ግን «እስቲ ድገሚው» አለችኝ።

እማዬ ሲመሽ ፍም እንደምታዳፍን ታውቃለህ። ትናንት ጠዋት ምድጃውን ልጠርግ ብል እጄን ቸብ አደረገችኝ። «ክብሪት ሞልቶ!» ብላት፣ «ይሄ ተካዬ ውትድርና ሲሄድ የሞቀው እሳት ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ታናሻችን ከሄደ ስምንት ወሩ ነው፣ ምድጃችን ግን አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።

ጠይቂልኝ ያለችኝ ይህን ነው፦ ያ መልእክተኛ አድራሻው ላልታወቀ ሰውም ያደርሳል ወይ? የማያደርስ ከሆነ አትጻፍልኝ፤ ደብዳቤህን የማነብላት እኔ ነኝ፣ ውሸት ደግሞ አልችልበትም።

ጉንጭህን አገላብጣ የምትስምህ እህትህ፣
አረጋሽ