ሰማያዊው ኒኬል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ቀን 9:00
መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ሮቤ እንዲህ ናት። እቶኑ ውስጥ ያለው የመጨረሻው የአሉሚና ዱቄቴ ነው፤ ኒኬል አጠጥቼ አድርቄዋለሁ። 500 ዲግሪ፣ አራት ሰዓት። ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥነው ካታሊስቴ በደንብ ከወጣ አዲስ አበባ ይፈተናል፣ እኔም እመረቃለሁ። የላብራቶሪውን ሠራተኛ ኦቦ ሁሴንን ማብሪያውን እንዳያጠፉ ለመንኳቸው። እዚህ ሁላችንም እንደዚያ እናደርጋለን፤ መብራት ሲመጣ ሥራው ራሱ ይቀጥላል። ረኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም አሉኝ። እኔ ጎባ፣ እናቴ ጋ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ጠዋት 2:30
ጉድ ሆንኩ፣ ማስታወሻዬ! ግራጫ ጠበቅኩ፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ አገኘሁ። መብራት ሲመለስ እቶኑ የኔን ትእዛዝ ረስቶ፣ ከኔ በፊት የነበረውን 900 ይዞ ነዷል። በዚያ ሙቀት ኒኬሉ አሉሚናው ላይ አይቀመጥም፤ ውስጡ ይሰምጣል። አዲስ አበባ ሲፈተን፣ ኒኬሉን ለማውጣት እንደተለመደው በ500 ዲግሪ ሃይድሮጂን ሲነፋበት አልወጣም ይላል። ኦቦ ሁሴን ጥፋቱ የሳቸው መስሏቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። ይቅርታቸውን ተቀበልኩ። ለምን ተቀበልኩ?

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ
የመመረቂያ ሥራዬ አማካሪ ደወሉ። እንዴት ሆነ? ሲሉኝ ደህና ነው አልኩ። ሰማያዊውን ዱቄት ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ፣ የተቃጠለበት ሙቀት 500 የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት። ነገ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ይላካል። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ።

ዓርብ፣ ጠዋት 3:00
ስለ ሰማያዊው ሳነብ አነጋሁ። በ800 ዲግሪ ሃይድሮጂን ቢነፋበት ኒኬሉ በደቃቁ ይወጣል፤ አሉሚናው አጥብቆ ስለሚይዘው ተሰባስቦ አይጓጉልም፣ ቶሎም አይደክምም። ማለትም ሊሠራ ይችላል! ግን 500 ብዬ ከላክሁት ማንም በ800 አይሞክረውም። አበላሸሁት ብዬ ስፈራ፣ የሚያበላሸው የጻፍኩት ቁጥር ሆነ።

ዓርብ፣ 5:30
ኦቦ ሁሴን ለጁምዓ ሲወጡ በሩ ላይ አገኘኋቸው። ለክፍል ኃላፊው ጥፋቱ የኔ ነው ብለው በጽሑፍ አስገብተዋል። እኔ እንዳልጎዳ ብለው። ጡረታቸው ሊደርስ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። ረኮ ሂንቀቡ አሉኝ ደግመው። እንባዬ መጣ።

5:50
ወረቀቱን ከብልቃጡ ላይ ላጥኩት። 900 ብዬ ጻፍኩ። ለኃላፊው ማመልከቻም፦ ማብሪያው እንዳይጠፋ ያስደረግሁት እኔ ነኝ፣ ኦቦ ሁሴን የታዘዙትን ነው የፈጸሙት። ለአማካሪዬም ደውዬ እነግራቸዋለሁ። ይቆጣሉ። ምረቃውም ይዘገይ ይሆናል። ይዘግይ። የኃላፊው ቢሮ እስከ 6 ሰዓት ክፍት ነው፤ ሄድኩ።