የሊዲ ኩርፊያ፣ ኤሊዋና ወፊቱ

ውድ እህቴ ጋዲሴ፣

«ልጄ ሊዲ ለምን ስልክ አልነካም አለች?» ብለሽ ስንቴ ጠየቅሽኝ? መልሱ ላይ ከመድረሴ በፊት ግን፣ አካም ጅርታ እህቴ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? የኦማን ሙቀትስ ከአዳማ ይብሳል? እኛ ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረን።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በስልክ ለመናገር አፍሬ፣ ነገ ወደዚያ በምትበረው በጎረቤታችን በገላኔ እጅ ይኸው ጻፍኩልሽ። አሠሪዎችሽ ባሕሩ ዳርቻ የወሰዱሽ ቀን የላክሽልንን ቪዲዮ ታስታውሻለሽ? ያቺ ትልቅ የባሕር ኤሊ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ወደ ውኃው ስትመለስ። ሊዲ «ልጆቿንስ ማን ያሳድጋቸዋል?» አለችኝ። እኔም በባዮሎጂ ተመርቄ የሚጠይቀኝ ሰው አጥቼ የከረምኩ ነኝና ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ኤሊ መቶ እንቁላል ጥላ ትሄዳለች፣ ልጆቿን አታውቃቸውም፤ ትንሿ ወፍ ግን ከጎጆዋ ሳትርቅ ታበላለች አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ በጮኸ ቁጥር የልጅቷ ሥራ አልጋ ሥር መግባት ሆነ። እናታችን ነገሩ ሲገባት «ዲግሪህን ለኤሊዋ ስጣት!» ብላ ያወረደችብኝን ውርጅብኝ ተዪው።

ሦስት ሳምንት እንዲሁ ቆየን። ባለፈው ቅዳሜ ግን የግቢያችን ሎሚ ዛፍ ላይ አውራ ጣት የምታክል ወፍ ጫጩቶች ፈልፍላ አገኘናት። ሊዲ በርጩማ ላይ ቆማ ስታይ ዋለች። ወፊቱ የጎረቤትን ጣሪያ አልፋ ጠፋች። ሊዲ ልታለቅስ ስትል ወፊቱ አፏን ትል ሞልታ መጣች፤ ደግሞ ሄደች፣ ደግሞ መጣች። በመጨረሻ ሊዲ ወደ እኔ ዞራ «አጎቴ፣ ወፏም እኮ ሩቅ ትሄዳለች! አንተ ምንድን ነው የተማርከው?» አለችኝ። ቆይታም «እማ ኤሊ አይደለችም» አለች። እፎይ አልኩ እህቴ! እንዲህ ስሰደብ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የእኔን ነገር ካነሳሽ፣ ባቱ ከተማ ያለ አንድ የአበባ እርሻ ለሥራ ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅኩ ነው። መቀመጥ አቅቶኛል፤ የአሁኑ ግን ይሳካል።

እናታችን ግራና ቀኝ ጉንጭሽን ትስማለች። ታናሻችን ጉቱ ቁመቱ እኔን እንዳለፈ ንገርልኝ ብሏል፤ ውሸቱን ነው። ሊዲ ሰላምታዋን በሥዕል ልካለች፣ ከደብዳቤው ጋር አለልሽ። እንዳንቺ ሻሽ ያሰረች ወፍ ናት። አፏ ውስጥ ምን እንደያዘች አውቃለሁ፤ ግን እኔ ከእንግዲህ ምንም አላብራራም። እሑድ ደውዪና ራሷን ጠይቂያት። «ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ» ብላለች።

ወንድምሽ ምልኬሳ
አዳማ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.